የአስተርጓሚዋ ጥቅሻ

ወርቂቱ ሰው አትጠቅስም። ይህን ቀድሜ ካልተናገርኩ ወደ ታሪኩ መግባት አልችልም፤ በከተማችን ስለ እሷ የሚወራው ሌላ ነውና። ወሬውን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ግራ ዓይኗ በገዛ ፈቃዱ ይርገበገባል፣ ይጨፈናል፣ ሲብስበት ቀኙም ይከተለዋል። ሕመም ነው። ይህን ላስረዳ ስሞክር ግን ሰዉ ከንፈሩን እያጣመመ "አይ ጽጌረዳ፣ ጓደኛሽ ስለሆነች ነው" ይለኛል።

እኔ አርባ ምንጭ ውስጥ የችሎት ጸሐፊ ነኝ። ዳኛው የሚሉትን፣ ባለጉዳይ የሚናገረውን፣ ምስክር የሚምልበትን ሁሉ እተይባለሁ። ወርቂቱ አስተርጓሚያችን ነበረች። ጋሞኛ ብቻ የሚናገር ባለጉዳይ ከደጋ ሲወርድ፣ የእሱን ጋሞኛ ለዳኛው በአማርኛ፣ የዳኛውን አማርኛ ለእሱ በጋሞኛ ታቀብላለች። እሷም ከደጋው፣ የኦቾሎ መንደር ሸማኔ ልጅ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ገና ስንተዋወቅ "አንቱ ልበልሽ እንዴ?" ብላት "አርጅቼ ሳልጨርስ ምነው ቸኮልሽ?" ብላ ከልክላኛለች።

ሌሎች አስተርጓሚዎች "እንዲህ ይላል፣ እንዲህ ትላለች" እያሉ ነው የሚያስተረጉሙት። ወርቂቱ እንደዚያ አታደርግም። ሰውየው "ልጄን ቀበርኩ" ካለ፣ እሷም "ልጄን ቀበርኩ" ትላለች። "ፍየሏን የሰረቅኩት እኔ ነኝ" ካለም፣ ያችው የተከበረች ሴትዮ ቆማ "ፍየሏን የሰረቅኩት እኔ ነኝ" ትላለች። እኔ መጀመሪያ ላይ ተናደድኩባት፤ ስተይብ ማን ምን እንዳለ እየተምታታብኝ።

"'ይላል' ካልኩ እኮ እኔ መሃል ገባሁ ማለት ነው" አለችኝ። "አስተርጓሚ መሃል አይገባም። 'እኔ' ስል የእሱ 'እኔ' ነው፤ የእኔ አይደለም።"

ድምፅዋ አይወጣም፣ አይወርድም። ልጇ የሞተባት እናትም ሆነች ፍየል ሌባው፣ በወርቂቱ አፍ ሲያልፉ እኩል ናቸው። እኔ የኮምፒውተሩ ፊደል ላይ እንባዬ እየተንጠባጠበ የተየብኩትን የምስክር ቃል፣ እሷ የገበያ ዋጋ የምትናገር ይመስል ጨርሳ ውሃዋን ትጠጣለች። እንዴት ቻልሽው ስላት መልሷ አንድ ነው፦ "ምንም አይመስለኝም።" ጉራ ይመስለኝ ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ነው እውነቷን እንደሆነ የገባኝ። ሴትዮዋ በእርግጥ ምንም አይመስላትም ነበር።

ባሏ ተክለወልድ መምህር ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ሳቂታ፣ ሙዝ ሲያይ የማይጠግብ ሰው። ልጅ አልወለዱም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር አደባባይ አጠገብ ወደቀ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ። ልብ ነው አሉ።

የለቅሶውን ነገር ሳስታውስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ድንኳኑ ውስጥ በአንድ ወገን ከደብረ ማርቆስ የመጡት የባሏ ዘመዶች ተቀምጠዋል፤ በሌላው ወገን ከኦቾሎ የወረዱት የእሷ ሰዎች። የኦቾሎዎቹ ቆመው ሟቹን በጋሞኛ እያነሡ ማልቀስ ጀመሩ። የባሏ ታላቅ እህት ወደ ወርቂቱ ዘንበል አለችና "ምንድን ነው የሚሉት?" ብላ ጠየቀቻት። ጥያቄው ለክፋት አልነበረም፤ ስለ ወንድሟ የሚባለውን መስማት ፈልጋ ነው። ወርቂቱ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ቀና አለች፤ ማስተርጎም ጀመረች። "አማቻችን እንግዳ ሆኖ መጥቶ ልጃችን ሆነ። ልጃችንን ለማን ጥሎብን ሄደ? ከእንግዲህ በሯን ማን ያንኳኳል?" በዚያው በችሎት ድምፅዋ፣ ቃል ሳታስቀር። የእህትየው ወገን ዋይታውን አቀለጠው፣ እኛም ተከተልን፤ ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። ከእሷ በቀር።

ያን ቀን ነው ግራ ዓይኗ የጀመራት። የታችኛው ቆብ ነበር የሚርገበገበው። ሴቶቹ አይተው ተጠቃቀሱ፤ "የታችኛው ከሆነ እንባ ነው፣ አሁን ይወጣላታል" አሉ። እንባውን እየጠበቁ ሠልስቱ አለፈ፣ አርባውም ወጣ። ዓይኗ መርገብገቡን ቀጠለ፤ እንባው ግን አልመጣም። አንዳንዷ እንዲያውም "ደረቅ ናት፣ ባሏን አትወደውም ነበር" ብላ አማቻት። ያችን ሴትዮ እስከ ዛሬ ሰላም አልላትም።

ከጊዜ በኋላ የላይኛው ቆብ ገባበት፤ ከዚያ ጭራሹን መጨፈን መጣ። እኔው ነኝ ጎትቼ ሐኪም ቤት የወሰድኳት። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ በደንብ አያት፤ በደንብም አስረዳን። ዓይኗ ደህና ነው፤ ችግሩ ቆቡን የሚዘጋው ጡንቻ ነው፤ ሳያዙት በራሱ ይኮማተራል፤ ድካምና ጭንቀት ያብሱበታል አለ። "ስትናገሪስ?" ብሎ ጠየቃት። ስትናገር እንደሚተዋት፣ ዝም ስትል እንደሚመጣባት ነገረችው። አንዳንድ ሰው ላይ እንደዚያ ነው፣ ንግግር ጡንቻውን ያዘናጋዋል አላት።

"መድኃኒቱ መርፌ ነው" አለ በመጨረሻ። "እዚህ የለም፣ አዲስ አበባ ነው የሚሰጠው። ጡንቻውን ያደነዝዘዋል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ መደገም አለበት።"

"መደንዘዝ ከሆነ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" አለች ወርቂቱ። "እሱስ ሞልቶኛል።"

ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አዲስ አበባ ዘመድ የላትም፤ ዛሬ ነገ ስትል ጉዞው ቀረ።

ሲቀላ ላይ ያጋጠማትን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከገበያ ዘንቢሏን ይዛ ወጥታ ባጃጅ ለመያዝ ቆማለች። አንድ ባጃጅ ነጂ በዚያ ሲያልፍ ዓይኗ ጭፍን ብሎ ተከፈተ። ልጁ ፍሬኑን ያዘ፤ የጫናቸውን ሁለት ሴቶች "ተበላሽቷል፣ ውረዱ" አላቸው፤ ከዚያ ጸጉሩን በመስታወት እያስተካከለ "ግቢ፣ የኔ ቆንጆ፣ ወዴት ላድርስሽ?" አላት። እናቱ ትሆነዋለች! እሷ ግን ቁጣም፣ ሳቅም፣ እፍረትም አልታየባትም። "ወደ ቤቴ" ብላ ገባች፤ ስትደርስ ከፍላው ወረደች። ይህን የነገረችኝ እንደ ዝናብ ወሬ ነው። እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወንበር ያዝኩ፤ ስስቅ ደግሞ ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ።

ለጥቂት ሰሞን ጥቁር መነጽር አደረገች። ችሎት ስትገባ ግን ታወልቀዋለች። "ሰው ዓይኔን ካላየ ቃሌን አያምንም" ትላለች። ለሥራዋ እንዲህ ነበረች። ከተክለወልድ በኋላ የቀራትም ይኸው ሥራ ብቻ ነው። ቤቷ ስትገባ የሚያናግራት የለም፤ ስለዚህ ዝም ትላለች፤ ዝም ስትል ዓይኗ ይጨፈናል፤ ምሽቱን በጭፍን ቁጭ ብላ ታሳልፋለች። ጠዋት ችሎት ገብታ የሰው ቃል መናገር ስትጀምር ዓይኗ ይከፈትላታል። ይህን ሥራ ካጣች ምን እንደምትሆን ለማሰብ እንኳ እፈራ ነበር።

የፈራሁት የመጣው በሁለት ወንድማማቾች ክርክር ነው። አባታቸው አባያ ዳር የተዉት የሙዝ ማሳ አለ። ታላቁ አቶ አይዛ ኦቾሎ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዱላቸውን ካልተደገፉ አይሄዱም፤ ከጋሞኛ ሌላ አንድ ቃል አያውቁም። ታናሹ ጌታነህ ማሳውን ሲያርስ የኖረ፣ በዕድሜ የወርቂቱ እኩያ የሆነ ሰው ነው። እሱም መናገር የመረጠው በጋሞኛ ነበር። አቶ አይዛ ድርሻዬን ከለከለኝ ብለው ከሰሱ።

እዚህ ላይ የሆነውን በደንብ ማየት አለባችሁ፤ ስህተቱ የመጣው ከዚህ ነውና። ወርቂቱ ያደገችው ከሽማግሌ ፊት ቀና ብሎ ማየት ነውር በሆነበት ቤት ነው። አቶ አይዛ ሲናገሩ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች ነው የምታዳምጣቸው። ዓይኗ ይጨፈናል፣ ይከፈታል፤ እሳቸው አያዩትም። ጌታነህ ሲናገር ግን እኩያዋ ነውና ቀና ብላ ፊት ለፊት ታየዋለች። እሱን ስታዳምጥ ዝም ማለቷ ነው፤ ዝም ስትል ደግሞ ግራ ዓይኗ ጭፍን፣ ክፍት፣ ጭፍን። ሽማግሌው ከወዲያ ማዶ ቆመው ይህን እያዩ ነበር። ስላከበረቻቸው ነው የጠረጠሯት።

በሦስተኛው ቀጠሮ ላይ አቶ አይዛ በመሃል ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱና ተነሡ። በጋሞኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። የእኔ ጋሞኛ ገበያ ላይ የማያሳፍር ያህል ነው፤ ይህን ግን ችሎት ውስጥ በኖርኩበት ጆሮዬ አንድ በአንድ ሰማሁት። ጣቴ የኮምፒውተሩ ፊደል ላይ እንዳለ ቀረ።

ዳኛ ወንደሰን ወደ ወርቂቱ ዞረው "ምን አሉ?" አሉ።

እስኪ አስቡት። ሽማግሌው የከሰሱት እሷኑ ነው፤ ችሎቱ ውስጥ ደግሞ ክሱን ለዳኛው የምታስረዳው እሷ ብቻ ናት። ልዋሽ ብትል ዳኛው አያውቁባትም ነበር። መዋሸትም አያስፈልጋትም። እኛ ፍርድ ቤት ቀኑን ሙሉ ሕግ ይጠቀሳል፣ አንቀጽ ይጠቀሳል፣ የምስክር ስም ይጠቀሳል። "አስተርጓሚዋ ወንድሜን ጠቅሳዋለች" ብላ ብታልፈው፣ ዳኛው ስሙን አነሣች ማለት መስሏቸው "እሺ፣ ይቀጥሉ" ይሉ ነበር፤ እኔም እንዲሁ እተይበው ነበር፤ ቃሉም ሐሰት አይሆንም። በልቤ "በይ፣ ጠቅሳዋለች በይና ተገላገይ" እያልኩ እለምናታለሁ።

"ይህች አስተርጓሚ ለወንድሜ ታደላለች" አለች ወርቂቱ፣ በዚያው ድምፅዋ። "እሱ በተናገረ ቁጥር በዓይኗ ትጠቅሰዋለች። በዓይኗ ስል፣ ግራ ዓይኗን ጨፍና ምልክት ትሰጠዋለች ማለቴ ነው። እኔን ግን ቀና ብላ እንኳ አታየኝም። ስለዚህ ቃሌን አታደርስልኝም ብዬ እሰጋለሁ። እንድትነሣልኝ እጠይቃለሁ።"

ዳኛው ግራ ገባቸው። "ማንን ነው የሚሉት?"

"አስተርጓሚዋን።"

"እርስዎን?"

"አዎ፣ አስተርጓሚዋን።"

አቶ አይዛ የተባባሉት አልገባቸውምና ጮክ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። ወርቂቱ ይህንንም አላስቀረችም፦ "የተናገርኩትን ነገርሻቸው ወይስ ዋጥሽው?" ከኋላ ወንበር ሰው ሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ።

ዳኛ ወንደሰን ክፉ ሰው አይደሉም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ወይዘሮ ወርቂቱ፣ አሁን ለራስዎ ይናገሩ። ለቀረበብዎ አቤቱታ ምን ይላሉ?" አሏት።

"አስተርጓሚዋ…" ብላ ጀመረች። አቆመች። "እኔ…" አለች። እዚህም አቆመች። ያችን ቃል ለስንት ሰው ስትል ኖራለች፤ ለራሷ ስትሆን አፏ ላይ ቀረች። ዝም ስትል ዓይኗ መጣ፤ ግራው ተጨፈነ፣ ቀኙም ተከተለው። ሁለቱም ዓይኖቿ እንደተዘጉ ችሎቱ መሃል ቆመች።

ከዚያ በጋሞኛ ተናገረች። ረጅም አልነበረም። "ዓይኔ ታሟል፤ ሰው ጠቅሼ አላውቅም። ቀና ብዬ ያላየሁዎት አባቴን ስለሚያክሉ ነው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ምንም ነገር አሞኝ አያውቅም። ይህ ግን አመመኝ።" ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

አቶ አይዛ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙ። እሳቸውም በጋሞኛ፣ ቀስ ብለው መለሱ፦ "አላወቅኩም፣ ልጄ። ያልኩትን ትቼዋለሁ። አንቺው ሁኚልኝ።"

"ምን አሉ?" አሉ ዳኛው።

ወርቂቱ ዝም።

"ወይዘሮ ወርቂቱ፣ ምን አሉ?"

ዝም። ዓይኗም አፏም እንደተዘጋ።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ተነሣሁ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሽማግሌው አቤቱታቸውን ትተዋል! እሷም ያለችው…"

"ጽጌረዳ፣ አንቺ አስተርጓሚ ነሽ?"

"አይደለሁም፣ ግን ሰምቻለሁ…"

"ለማስተርጎም ምለሻል?"

አልማልኩም። ጌታነህም ተከራካሪ ነው፤ ለወንድሙ አስተርጓሚ ሊሆን አይችልም። ሕጉ ሕግ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ተናደድኩ። ዳኛው አስጻፉኝ፣ ፊደሎቹን እየደበደብኩ ተየብኩ፦ አስተርጓሚዋ በጋሞኛ ተናግራለች፤ ከሳሹም በጋሞኛ መልሰዋል፤ የሚያስተረጉም ባለመገኘቱ የተባለውን ማወቅ አልተቻለም። ሌላ አስተርጓሚ ይቅረብ። አቤቱታው እስኪጣራ ወይዘሮ ወርቂቱ ችሎት አትገባም።

ከዚያ ወዲህም አልገባችም። አሁን ያለችው መዝገብ ቤት ነው፤ ሰው የማያናግራት ክፍል ውስጥ።

ያን ቀን ክንዷን ይዤ አወጣኋት፤ ዓይኗ አልከፈትም ብሏት ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ስር አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳትና ወረድኩባት። "ሲከሱሽ ቃል በቃል! ሲተዉሽ ዝም! ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነሽ?"

"ሲከሱኝ ሥራ ላይ ነበርኩ" አለች። "ሲመልሱልኝ እኮ ባለጉዳይ ሆኜ ነበር። ባለጉዳይ ለራሱ አያስተረጉምም።"

 አቶ አይዛ በዱላቸው እየተደገፉ ወጡ። ዳኛው የወሰኑትን የነገራቸው ሰው የለም። መጡና እሷኑ ጠየቋት። ዓይኗን እንደጨፈነች በጋሞኛ ነገረቻቸው፦ ሌላ አስተርጓሚ ይመጣልዎታል፤ እኔ ተነሥቻለሁ። ሽማግሌው ደነገጡ። "ትቼዋለሁ አላልኩም እንዴ?" አሉ። "ያስተረጎመ አልነበረም" አለቻቸው። የራሷን መባረር እንኳ ለከሳሿ ያስረዳችው እሷው ናት።

 ሽማግሌው ዱላቸውን ግንዱ ላይ አስደገፉ፤ እየተንቀጠቀጡ ጎንበስ አሉ። ጠዋት ውሃ ከጠጣው ሣር አንድ ጭብጥ ነጩ። የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከለመነ ጠበኛ እንኳ የያዘውን ድንጋይ ይጥላል፤ ይህን አርባ ምንጭ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ለሌላው ሰው ጠብ ስንቴ ሣር የያዙ እጆች ናቸው፤ አሁን በገዛ ጥፋታቸው ያዙት። ሣሩን እጇ ላይ አኖሩና በጋሞኛ "ይቅር በዪኝ" አሏት።

"ጽጌ፣ እጄ ላይ ያለው ምንድን ነው?" አለችኝ በአማርኛ።

"ሣር ነው።"

ጣቶቿ ሣሩን ዳበሱት። "እርጥብ ነው" አለች። አፏ ተከፈተ፣ ምንም አልወጣም፤ ተመልሶ ተዘጋ። አቶ አይዛ ጎንበስ እንዳሉ መልስ ይጠብቃሉ። ከተጨፈነው ግራ ዓይኗ ስር፣ በታችኛው ቆብ በኩል፣ ውሃ ሲወርድ አየሁ። እሷ ያወቀችው አይመስለኝም፤ አልጠረገችውም።

"አንቺ በዪልኝ" አለችኝ።

"ምን ልበል?"

"ይቅር ብያለሁ በዪልኝ። እኔ አልወጣልኝ አለ።"

ከገበያ ጋሞኛዬ ውስጥ ቃሉን ፈለግኩት። ችሎት ውስጥ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በራሴ አፍ ግን ብዬው አላውቅም። በሁለቱ መሃል ቆምኩና፣ "ትላለች" ሳልል፣ በተሰባበረ ጋሞኛ ለሽማግሌው "እኔ ይቅር ብያለሁ" አልኳቸው።